አምስት የሸሚዝ ቁልፎች

ሰዓት ሠሪው የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ የመጫወቻ ካርታውን እንደያዘ ነው። የሻይ ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ ሥሩ ላይ ግን የአይጥ መርዝ ዝቃጭ ቀርቷል። ሻዩን ያመጣችው የልብስ ሰፊው ሚስት ስለሆነች ፖሊሶቹ ካቴናውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

መርማሪዋ ግን አትቸኩልም። ባልደረቦቿ «ምስጥ» የሚሏት ድምፅ ሳታሰማ ቦርቡራ ስለምትጨርስ ነው። ጠረጴዛውን ማንም እንዳይነካ አዘዘችና ከሟችና ከልብስ ሰፊው ጋር ይጫወት የነበረውን ፋርማሲስት አስጠራች።

«ምን ነበር የምትጫወቱት?»

«ፖከር። ገንዘብ የለበትም፤ በሸሚዝ ቁልፍ ነው የምንወራረደው። እኔ ቀድሜ ካርታዬን ጥዬ ወጥቻለሁ።»

«ሟች ካርታውን ጥሎ ከጨዋታ ሲወጣስ ምን ያደርጋል?»

«ወገቡን ስለሚያመው ተነስቶ ደጅ ይንጎራደዳል። ሲመለስ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍቶ ሌላ ያስቀዳል። መወሰን ሲያቅተው ግን ካርታውን እያየ ፉት ይላል፣ እስኪያልቅ።»

«ዛሬስ?»

«ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻው የጋራ ካርታ ከተገለጠ በኋላ አምስት ቁልፍ አስያዘ። ልብስ ሰፊው አምስት ብቻ ጨመረበት፤ መሐል ላይ ስልሳ ተከምሮ! ያ ሰው እንዲህ ቆንጠር አድርጎ የሚጨምረው የማይሸነፍ ካርታ ሲይዝ ነው። ሁላችንም እናውቅበታለን።»

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ።

«ከሚስትዎ ጋር ትግባባላችሁ?»

«እሷ የምትግባባው ከሌላ ጋር ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ እሱ ሱቅ ነበረች። የሰዓት ባትሪ በየሳምንቱ ያልቃል እንዴ? ቤት ስትገባ አፏ ይለጎማል፤ ከዚያ ስትወጣ ጥርሷ አይከደንም። ሳቋን ለሌላ መስጠቷ አንገበገበኝ፤ ምን ልደብቅዎት።»

መርማሪዋ ፋርማሲስቱን፣ ልብስ ሰፊውንና ሚስቱን ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። መጀመሪያ የሟችን ካርታ ገለጠች፦ ሁለት ንጉሥ። ከዚያ የልብስ ሰፊውን፦ ሁለትና ሰባት፤ ከጋራዎቹ ካርታዎች ከአንዱም የማይገጥም።

«ባዶ ካርታ የያዘ ሰው ተጋጣሚውን ለማባረር ክምሩን ሁሉ ይገፋል» አለች። «ጥሩ የያዘ ደግሞ ትንሽ ጨምሮ ያባብላል፤ አትሂድ፣ ተከተለኝ ማለቱ ነው። እርስዎ ግን ባዶ ካርታ ይዘው አባበሉት። ምን ፈልገው? ቁጭ ብሎ እንዲያስብ፤ እያሰበም እንዲጠጣ። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ያወቀ ሰው ነው እንዲህ የሚጨምረው።»

«ሻዩን ያመጣችው እሷ ናት።»

«አዎ። በአንድ ብርጭቆ ሻይ እሱን ወደ መቃብር፣ እሷን ወደ እስር ቤት ሊሰዱ። እስኪ የጠመኔ ኪስዎን ይገልብጡልኝ።»

ከነጩ ጠመኔ ጋር የተቀደደ የመርዝ ከረጢት ወደቀ። ፋርማሲስቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።



«ማክሰኞ ማክሰኞ ፖከር ያስተምረኝ ነበር» አለች ሚስትየው ባሏን እያየች። «ቅዳሜህን ሁሉ ለዚህ ጠረጴዛ ስትሰጥ ቀናሁ። በጠረጴዛ ቀናሁ፣ ትሰማለህ? ስችልበት ድንገት መጥቼ አጠገብህ ልቀመጥ ነበር።»

ልብስ ሰፊው የጨርቅ ቁርጥራጭ የተቆለለበትን አራተኛውን ወንበር አየ።

«ስለ እኔ... ምን ይልሽ ነበር?»

«‹ባልሽ ትንሽ ሲጨምር እመኚው፤ እሱ በካርታ አይዋሽም› ይለኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ሳይጠሩት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።