የወልደየሱስ ሲፎን

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ተረት የሚመስለው ካለ ይምሰለው፤ ደንቆሮ የማሳምንበት ጊዜ የለኝም።

1977 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ ፍንትው ብላለች።

ቤቱ የእንጨት ነጋዴው የአቶ ወልደየሱስ ነበር። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ከግማሹ መጋዝ ወስዶታል። ቀበሌው ቤታቸውን ወርሶ ጽሕፈት ቤት አደረገው። እሳቸውንም "ለጥያቄ" ወሰዳቸው...

አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ የሽንት ቤቱ ሲፎን ማንም ሳይነካው ይንሿሿል። ሹው... ዝም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ እንደገና።

የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጓድ አሳምነው፣ ጥፋተኛ አገኘ፤ ዘበኛውን ጠናን። "የሕዝብ ውሃ በማባከን፣ የኢኮኖሚ አሻጥር" ብሎ ክስ ጻፈ። ከታች የራሱን ስም በትልቁ አሰፈረ። ጠና በጣቱ ከፈረመ እስር ቤት ነው።

እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ። ጠና እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ።

እግዜር የለም እያለ የሚሰብከን አሳምነው ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያማትባል።

"ጓድ መምህር... እሱ ይሆን እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"ባለቤቱ..."

"ባለቤቱ ከሆነ ጠናን ለምን ትከሳለህ?"

 

የሲፎኑን ክዳን አነሳሁ። ውሃው ላይ ሰጋቱራ ተንሳፍፏል። ትኩስ... ጽድ ጽድ ይሸታል። እዚያ ግቢ ግን እንጨት ከተሰነጠቀ ዓመታት አልፈዋል።

ንቄ ተውኩት።

የቢሮውን ሰማያዊ የጽሕፈት ቀለም ሲፎኑ ውስጥ አፈሰስኩ። "ማንም እንዳይነካ። የመቀመጫውን ሳህን እዩ።"

ቀለሙ ወደ ሳህኑ ቀስ እያለ ወረደ።

"ገባህ? ከሥር ያለው መዝጊያ ጎማ አልቋል። ውሃው ያመልጣል፤ ሲጎድል ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ኳስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቧንቧው ተከፍቶ ይሞላል። ጎማ ነው!"

"ታዲያ ጎማውን ይክሰሱታ፣ ጓድ ሊቀመንበር!" አለ ጠና።

ቧንቧውን ዘጋሁ። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ክብ ቆርጬ ጎማውን ቀየርኩ። ቧንቧውን ከፍቼ ሞላሁት፤ ቀለም ጨመርኩ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን።

ሳህኑ እንደ ጠራ ቀረ።

"በቃ። ክሱን ቅደደው" አልኩት አሳምነውን።

"ክስ አንዴ ከተጻፈ ተጽፏል። ጠና ይፈርማል!"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ...

የሲፎኑ እጀታ ቀስ ብሎ ወረደ።

ሦስታችንም በሩ ላይ ነበርን። ማንም አልነካውም።

ሰማያዊው ውሃ እየተንሿሿ ወረደ። ከዚያ ከቢሮው ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

"ቢሮ ውስጥ... ማን አለ?" አለ ጠና።

"ቆልፌዋለሁ" አለ አሳምነው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ነጥቄው ከፈትኩ። ሰው የለም።

ክሱ ጠረጴዛው ላይ ርሷል። የጠና ስም ታጥቦ ጠፍቷል።

"አሳምነው" የሚለው ስም ላይ ግን ሰማያዊ አሻራ ታትሟል። ገና አልደረቀም...

ግማሽ አውራ ጣት።