የተባለውና የተሰማው

ዝዋይ በምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ አርባ አንድ ሰዎች ይኖራሉ። ዘጠኝ ዓመት ሲጓዙ አንዳቸውም ከሌላው ሻካራ ቃል ሰምተው አያውቁም። ጠዋት ሲነሡ፣ ፊታቸውን እንኳ ከመታጠባቸው በፊት፣ ለዛ የምትባል መሣሪያ ጆሯቸው ውስጥ ይከታሉ። ሽንብራ የምታህል ናት፤ የተናጋሪውን ድምፅ እንዳለ ትታ ቃሉን ታለሰልሳለች። በረጅም ጉዞ ሰው በሰው እንዳይመረር ተብላ የተሠራች ናት።

የመንኮራኩሯ አዛዥ ትርሲት ያን ቀን ጠዋት የአደጋ ሪፖርት ልትጽፍ ተቀምጣለች። ከሁለት ቀን በፊት የሙቅ ውሃ ቧንቧ ብየዳው ለቆ፣ ስንዱ የተባለች ቴክኒሻን ሁለት እጇን ተቃጥላለች። ቧንቧውን የበየዱት ጋሽ ጥላዬ ናቸው። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል።

ትርሲት ከእንግዲህ እንዳይበይዱ ሦስት ጊዜ ነግራቸዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ፈገግ ብለው አመስግነዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በትእዛዝ ልትከለክላቸው አስባ፣ አሳዘኗትና ተወችው።

ለሪፖርቱ ብላ የለዛን መዝገብ ከፈተች። እስከዚያ ቀን ከፍቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የተባለውን፣ ሌላው የተሰማውን ይይዛል።

የተባለው፦ "ጋሽ ጥላዬ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ከእንግዲህ አይበይዱ።"

የተሰማው፦ "ጋሽ ጥላዬ፣ እጅዎ ብዙ ደክሞልናል። እናመሰግናለን።"

ትርሲት ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ለራሷ የተነገረውን ፈለገች። ከአንድ ወር በፊት ስንዱ ያለቻት፣ "አለቃ፣ ለጋሽ ጥላዬ እያዘኑ እኛን ሊያስጨርሱን ነው" የሚል ነበር። የሰማችው ደግሞ፣ "አለቃ፣ ለጋሽ ጥላዬ ማዘንዎ ሁላችንንም ነክቶናል" የሚል። ያን ቀን ደስ ብሏት እንደዋለች ትዝ አላት።

ሁለቱ ዓምዶች አንድ የሆኑበትን ቦታ ስትፈልግ ረፈደ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለእሷ ከተነገረው ሁሉ፣ ሳይለወጥ የደረሳት "ደህና እደሪ" ብቻ ነበር።

ለዛን ከጆሮዋ አውጥታ ወደ ብየዳ ክፍል ወረደች። ጋሽ ጥላዬ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የእሳቸውንም እንዲያወጡ በእጇ አመለከተቻቸው።

"ስንዱን ያቃጠላት የእርስዎ ብየዳ ነው" አለች።

ቃሉ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ አየችው። እንዲህ ያለ ፊት ካየች ዘመን ሆኗታል። የተናገረችውን መልሳ መዋጥ አማራት፤ ግን አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እኔም አለሁበት። ስንዱ ነግራኝ ነበር፤ አልደረሰኝም። ጋሽ ጥላዬ፣ ከእንግዲህ አይበይዱም።"

ጋሽ ጥላዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"እጄ እንዲህ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው" አሉ። "አንድ ሰው አይቶ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ። ሁሉም ያመሰግነኛል። ለካ እዚህ የሚያየኝ ሰው የለም ብዬ ተውኩት።"

"ታዲያ እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። 'እጄ ከዳኝ፣ ፈርቻለሁ' አልኩሽ። አንቺ 'ጎሽ፣ ይበርቱ' አልሽኝ።"

ጋሽ ጥላዬ ተነሡ። "ለስንዱ ምን እላታለሁ?" ብለው ጠየቁ።

"እኔም አላውቅም። አብረን እንሂድ።"

ስንዱ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሁለት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታለች። ሲገቡ ባዶ ጆሯቸውን አየች። ጋሽ ጥላዬን፣ ቀጥሎም ትርሲትን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ራሷን ወደ ትርሲት አዘነበለች፤ ለዛን በራሷ እጅ ማውጣት አትችልም።

ትርሲት ቀስ ብላ አወጣችላት።

ጋሽ ጥላዬ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ግን ቶሎ አልመጣላቸውም። ሁለቱ ሴቶች ጠበቋቸው።