ከግንቡ ጋር የተጠጋው ተሳቢ

መርማሪ አርያም ስትደርስ የሲራክ አስከሬን ገና ከተሳቢው አልወጣም ነበር። የሞተው ከበሩ ሥር በደረቱ ተደፍቶ፣ አፉን ወደ ስንጥቁ አስጠግቶ ነው። የበሩ ውስጠኛ ገጽ በመጥረጊያ እንጨት ተደብድቦ ተቧጭሯል፤ እንጨቱም ለሁለት ተሰብሮ ከእግሩ አጠገብ ወድቋል።

ቦታው ከላስ ቬጋስ በስተሰሜን የሚገኝ የአንድ አነስተኛ የጭነት ድርጅት ግቢ ነው። መሬቱ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ዙሪያው የግንብ አጥር ነው፤ ጥግ ላይ ኤሲው የሚያጓራ ቢሮ አለ። በሐምሌ ቀትር እዚህ ግቢ ውስጥ የተዘጋ ተሳቢ ሰው ለመግደል ከፀሐይ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

«አደጋ ነው» አሉ የድርጅቱ ባለቤት አቶ ዘውዴ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ። ስድሳን ያለፉ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ናቸው። በሱዳን በኩል ተሰደው መጥተው፣ ስትሪፕ በሚባለው የከተማው ዋና ጎዳና ላይ የካዚኖ እንግዶችን መኪና ሲያቆሙ ኖረው ነው ይህን ድርጅት ያቋቋሙት። «ልጁ ነው ጥፋተኛው። አዲስ ነው፤ ውስጡን ሳያይ ዘጋበት። ጻፊና ሂጂ።»

«የትኛው ልጅ?»

«ያፌት፣ የእህቴ ልጅ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣው ገና አሁን ነው። ጠዋት በዚህ መኪና ወደ ኋላ መንዳት ተለማመድ ብዬ ሰጠሁት። ሲራክ ደግሞ ነባር ሹፌሬ ነው፤ ተሳቢውን ሊጠርግ ገባ።»

«አስከሬኑን ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ። ባዶ ተሳቢ ሌባ እንዳይከፍተው በሩን ግንብ አስደግፈን ነው የምናቆመው። እንደዚያው ቆሞ አገኘሁት። ጭነት ሊመጣ ስለሆነ ወደ ፊት ሳብኩት፣ ወርጄ መቀርቀሪያውን ከፈትኩት...» ወደ ተሳቢው አዩ። ቁጣቸው ግን ወዲያው ተመለሰ። «ይኸው ነው!»

«ሲስቡት ወንበሩን አስተካከሉት?»

«ለምን ብዬ? ልክ ነበር። ትንሽ ወደ ፊት ነዳሁት፣ አለቀ።»

አርያም ወደ ጠጠሩ ሄደች። ያፌት ሲለማመድ ያረፈደበት የግቢው መሐል እንደ ታረሰ ማሳ ተመሰቃቅሏል፤ ጎማ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ወደ ፊት ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ኋላ ሄዷል። አቶ ዘውዴ ወደ ፊት የሳቡበትን ትታ፣ ወደ ግንቡ የሚወስደውን ዱካ ብቻውን ተከተለችው። አንድ ብቻ ነው። ከመሐል ግቢ ተነሥቶ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄድና ግንቡ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደ ግራ ይጠማዘዛል። ተሳቢው ቆሞ የነበረው ጠማማ ሆኖ ነው።

ወደ ጋቢናው ወጥታ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ከፍም ብሏል። እግሯ ፍሬኑን በጭንቅ ነካ። በግራው ስፖኪዮ ስትመለከት የታያት ጠጠርና የጎን አጥር ብቻ ነው። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው፣ ዝቅም አደረገችው። የተሳቢው የኋላ ጥግ ከነጎማዎቹ መስታወቱ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወረደች።

ያፌት ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሟል። እዚሁ ላስ ቬጋስ የተወለደ፣ ከአጎቱም የሚረዝም ወጣት ነው።

«በር እኔ አልዘጋሁም» አለ፣ አማርኛውን እየፈለገ። «ትራኩን እዛ ሚድል ላይ ፓርክ አደረግኩት። በሩ ክፍት ነበረ። ሲራክ ገባ ሊጠርግ።»

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

ያፌት አጎቱን አየና አቀረቀረ። «በራሴ መኪና ዝም ብዬ ድራይቭ አደረግኩ።»

«ውሸታም!» ብለው አቶ ዘውዴ ጮኹበት። «የሰው ነፍስ አጥፍተህ ደግሞ ትዋሻለህ?»

አርያም ክንዱን ይዛ ወደ ጥላው ወሰደችው። እዚያ እውነቱን አወጣ። አዳዲስ ሹፌሮችን የሚያሠለጥን ሌላ ድርጅት ጋ ለኢንተርቪው ሄዶ ነበር።

«አጎቴ ቢሰማ ይገድለኛል። ግን ሲራክ ነው የላከኝ። ፈርስት ካምፓኒ እንደ ፈርስት ኔም ነው አለኝ፣ የትም ብትሄድ ይጠሩሃል በሱ። መጀመሪያ ዓመት አክሲደንት ካለህ ማንም አይቀጥርህም አለኝ። ደሞዝ ቀድመህ አትጠይቅ፣ ማን ነው የሚያሠለጥነኝ በል አለኝ።»

«እዚህስ ማን ሊያሠለጥንህ ነበር?»

«አሳምነው። ሲራክ ዛሬ "ከእሱ ጋር እንዳትወጣ" አለኝ። ለምን ስለው "መጀመሪያ እሱን ላናግረው" አለ።»

ተሳቢው መቼ እንደተዘጋ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ኢንተርቪው መሄዱ ብቻውን ያፌትን አያድነውም።

የድርጅቱ አሠልጣኝ አሳምነው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ሰው ሲያናግረው ፈገግ የሚል፣ ዓይኑ ግን የማይስቅ ሰው ነው።

«ሲራክ ወንድሜ ነበር» አለ። «ልጁንም አታስጨንቂው። ሆን ብሎ አይደለም። ዱካውን አላየሽውም እንዴ፣ ተሳቢው እንዴት ጠማማ ቆሞ እንደነበር? እንደዚያ የሚያቆም አዲስ ሹፌር ብቻ ነው።»

«ቀትር ላይ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በዚህ ሙቀት ውጭ የሚውል እብድ ነው። ዘውዴም ውስጠኛው ክፍል ስልክ ላይ ነበር። ይሄ ኤሲ ሲያጓራ ደግሞ በጆሮሽ ቢጮኹብሽም አትሰሚ። እንዲያውም እሷን ብትጠይቂ ይሻላል።» በመስኮቱ ወደ በሩ ጠቆመ።

ከግቢው በር ላይ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች ደቃቃ ሴት ቆማለች። አቶ ዘውዴ ቀድመው ደርሰውባት ኖሮ እየጮኹ ነበር።

«ማን ፈቀደልሽ? አንቺ እዚህ እንዳትረግጪ አላልኩም?» ወደ አርያም ዞሩ። «ናጃት ትባላለች። አዲስ ሹፌር ሳለች አምኜ ቀጠርኳት። በሥልጠና ላይ እያለች አንድ ሽማግሌ ገጭታ ገደለች፤ ስማችንን አጠፋችው። ጠዋት ከሲራክ ጋር ስታወራ አይቻታለሁ። ትጠላናለች!»

«አዎ፣ እጠላችኋለሁ» አለች ናጃት። «ሲራክን ግን አልጠላውም። ከእናንተ ሁሉ ሰው እሱ ነበር። መሞቱን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

አርያም ብቻዋን አነጋገረቻት።

«ጠዋት ሲራክን ምን ልትነግሪው ነበር የመጣሽው?»

«ያ ልጅ ለአሳምነው ሊሰጥ መሆኑን ሰማሁ። እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው።»

«ምን ነበር የደረሰብሽ?»

«ማን ያምነኛል ብለሽ ነው?»

«እኔ ልስማው።»

ናጃት ነገረቻት። ስትጨርስ አርያም «ይህን ሁሉም ባሉበት ትደግሚዋለሽ?» አለቻት።

ናጃት ቢሮውን አየች። «እሱ ፊት ከሆነ፣ እሺ።»

አርያም ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አቶ ዘውዴ ከጠረጴዛቸው ኋላ፣ አሳምነው ከፊት ለፊታቸው፣ ያፌት ግድግዳ ተደግፎ፣ ናጃት ከበሩ አጠገብ ሆኑ። ማንም ማንንም ማየት አልፈለገም። አንድ ፖሊስ ከውጭ ቆሟል። አርያም ኤሲውን አጠፋችው፤ ሙቀቱ ወዲያው ገባ።

«ጊዜያችንን አታባክኚ» አሉ አቶ ዘውዴ። «የሆነው ይታወቃል።»

«የታየው ይታወቃል» አለች። «ከመቀርቀሪያው ልጀምር። ነፋስ አይዘጋውም፤ አንሥቶ፣ አዙሮ፣ ቦታው ላይ የሚያሳርፈው ሰው ነው። ስለዚህ ሲራክ ላይ የዘጋ ሰው አለ። ከዚያ ተሳቢው ወደ ግንቡ ተነዳ። አቶ ዘውዴና አሳምነው "ያፌት ነው" ብላችኋል። እስቲ ጠጠሩን እንጠይቀው። ያፌት ጠዋት አንድ ጊዜ ለማቆም ስንት ጊዜ ወጣ ገባ እንዳለ መሬቱ ይናገራል። ወደ ግንቡ የሄደው ዱካ ግን አንድ ብቻ ነው። ያን ያህል ርቀት ወደ ኋላ፣ አንድም ጊዜ ሳያርም ቀጥ ብሎ ሄዷል። ታዲያ መጨረሻው ላይ ለምን ተጣመመ?»

አርያም ጥያቄውን ራሷ መለሰች።

«ስላልቻለ አይደለም። አዲስ ሹፌር ከመጀመሪያው ይጣመማል፤ እያረመም ይሄዳል። ይሄኛው እስከ መጨረሻው አስተካክሎ ነድቶ፣ ግንቡ ጋ ሲደርስ መሪውን ጠመዘዘ። የተካነ ሹፌር ነው፣ ያልተካነ መምሰል የፈለገ። ስለዚህ ያፌት አይደለም። ከሥልጠና ሳትወጣ የተባረረችው ናጃትም አይደለችም።»

አቶ ዘውዴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔን ነው የምትዪው?»

«ይቀመጡ። እርስዎ መኪናውን ሲስቡ ወንበሩ ልክ ነበር። ለረጅም ሰው የተስተካከለ ስለነበረ ነው። ስፖኪዮው ግን በዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ተሳቢውን አያሳይም። እርስዎ ወደ ፊት ብቻ ስለነዱ አላስፈለገዎትም። ወደ ኋላ የነዳው ሰው ግን ያለ ስፖኪዮ ግንቡ ጋ ሊደርስ አይችልም። ወንበሩን ስስበውና ዝቅ ሳደርገው ተሳቢው ከነጎማው ታየኝ። ሹፌሩ አጭር ሰው ነው። ካቆመ በኋላ ያፌት የነዳው እንዲመስል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው፤ ስፖኪዮውን ግን ረሳው።» ዞር አለች። «አጭርም የተካነም በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ነው።»

አሳምነው ፈገግ አለ። «በመስታወት ሰው ልትሰቅዪ ነው? ሲራክን ምን ብዬ ነው የምገድለው?»

«ናጃት» አለች አርያም።

ናጃት ወደ አሳምነው ቀጥ ብላ አየች። «ሽማግሌውን የገጨኸው አንተ ነህ። መሪውን አንተ ይዘህ እኔ ጎንህ ነበርኩ። ፖሊስ ሳይደርስ ቦታ ቀይሪኝ አልከኝ። "አንቺ አዲስ ነሽ፣ ይቅር ይሉሻል፤ እኔ ከተያዝኩ ልጆቼ ይበተናሉ" አልክ። ፈራሁ፣ እሺ አልኩህ። ከዚያ ወዲህ አንድም ድርጅት አልተቀበለኝም። ዛሬ ጠዋት ለሲራክ ነገርኩት።»

የአሳምነው ፈገግታ ጠፋ። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«ለዘውዴ ንገር፣ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ አለኝ ሲራክ» አለ ቀስ ብሎ። «ላስፈራራው ነበር እንጂ ልገድለው አልነበረም። ዘጋሁበት፣ ወደ ግንቡም አስጠጋሁት፤ ከግንቡ ጋር በቀረው ክፍተት በኩል ሄጄ ዝም በል፣ ቃል ግባ አልኩት። ሰደበኝ። ውስጥ በሙቀት እየተቃጠለ እንኳ ይሰድበኛል? ኋላ ስመለስ በሩን መደብደቡን ትቶ ነበር። ዝም ካለ በኋላ... መክፈት ፈራሁ።»

«ሊያስፈራራ የመጣ ሰው ወንበር ወደ ኋላ አይገፋም» አለች አርያም። «ጠማማ አድርጎም አያቆምም። መቀርቀሪያውን ሲያሳርፉ ማን እንደሚከሰስ መርጠው ነበር።»

ያፌት ከግድግዳው ተስፈንጥሮ የአሳምነውን አንገት ሊያንቅ ነበር፤ ፖሊሱ ገብቶ መሐላቸው ቆመ። አሳምነው እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ሲወጣ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

አቶ ዘውዴ ሲወስዱት በመስኮቱ ተመለከቱ። ከዚያ ናጃት ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ ሲራክ ዛሬ አይሞትም ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር» አለች ናጃት። «እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ እያለቀስኩ። "አዲስ ሹፌር ሁሉ እንደዚህ ይላል" ብለው በሩን አሳዩኝ።»

የአቶ ዘውዴ ጣት በአየር ላይ ቀረ። አርያም ዓይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አሁን ደግሞ» አለች፣ «ስለዚያ ቀን እርስዎ ይንገሩኝ።»