የማይጨማደድ ቀሚስ

የዴንዚል ትሬጌርን ሬሳ ከገደሉ ሥር ያወጡት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ኢንስፔክተር ዊኒፍሬድ ቦሳንኮ ስትደርስ በብርድ ልብስ ሸፍነውት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ዙሪያውን ቆመው ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች። ሰውየው ለብሶት ከነበረው ነጭ የአምልኮ ቀሚስ የተረፈው አንገትጌውና አንዱ ትከሻ ብቻ ነው። የቀረው አመድ አልሆነም፤ ቀልጦ ከገላው ጋር ተጣብቋል።

«አደጋ ነው» አላት የወደቡ ፖሊስ። «እዚያ ላይ የሚያመልኩት ባለ ቀሚሶቹ በየዓመቱ ሜይ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ስትወጣ እሳት ይዘልላሉ። የሚጀምረው እሱ ነው፤ አለቃቸው ነዋ። ቀሚሱ ሲያያዝበት በድንጋጤ ሮጦ ገደል ገባ።»

«ስንት ዓመት ዘለለ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘለለ ሰው ዛሬ መዝለል ጠፋው?»

ቦሳንኮ ከትከሻው ላይ አንዲት ክር መዛ ክብሪት ጫረችባት። ክሯ ተኮማትራ ጥቁር ጠጣር እንክብል ሆነች። የኢንስፔክተሯ እናት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጅቷም ያደገችው በስፌት መኪና ሥር ነው። የተልባ እግር ሲቃጠል ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ይህ ፖሊስተር ነው። ከዚያ አንገትጌውን ገልብጣ የውስጡን ጠርዝ በጥፍሯ ዳሰሰች፤ እሳቱ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ገደሉንም በእግሯ መውጣት ጀመረች።

የአምልኮ ጎጆዋ ከገደሉ አናት ላይ ናት። ከበሩ በላይ በሳንቃ የተቀረጸው ትእዛዝ የዴንዚል የራሱ የእጅ ሥራ ነበር፦ «ተልባ እግር፣ ጥጥ ወይም ሱፍ። በገዛ እጅህ የሰፋኸው። ጫማ አይግባ፣ ብረት አይግባ። ፋብሪካ ከዘይት የፈተለው ጨርቅ ወደ እሳቱ አይቅረብ።»

ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። በየቀሚሳቸው ደረት ላይ፣ ለዘለሉበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ቀይ ቅጠል ተጠልፏል። ትናንት ለበዓሉ ጎጆዋን ሲያሰናዱ የዋሉትና ቁልፉ በእጃቸው ያደረው እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሟቹ ሚስት ሞርዌና ንብ አርቢ ናት፤ የቀሚሷ እጅጌ እስከ ክርኗ ነዷል። ምክትሉ ፔትሮክ ሁለት እጁን በፋሻ ተጠቅልሏል። እሳት ጠባቂው ጆሪ ናንስ ደግሞ ስድሳ ያለፈው የመርከብ ሸራ ሰፊ ነው፤ ከማዕዘኑ ሆኖ መሬት መሬት ያያል።

ቦሳንኮ በፔትሮክ ጀመረች።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉኝ።»

«ተጣልቻለሁ። ‹አርጅተሃል፣ የአለቅነቱን በትር ልቀቅ› ብዬዋለሁ። ግን እዩት እጄን! ልይዘው ስል ነው እንዲህ የሆነው። የገደለ ሰው ለማዳን ይሮጣል?»

«ሲለብስ ማንም አላስተዋለም?»

«ምን ይስተዋላል? ቀሚሱን ከማንጠልጠያው አንሥተን የምንለብሰው ጎህ ሳይቀድ፣ መብራት ሳናበራ፣ ሳንነጋገር ነው። ጣታችን በብርድ ደንዝዟል። ከዚያ ሣር ላይ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይን እንጠብቃለን።»

ከእሳቱ በፊት ያነሣውን ፎቶ በስልኩ አሳያት። ሁሉም ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆመዋል። የሁሉም ቀሚስ ከወገብ በታች እንደ ታኘከ ወረቀት ተጨማድዷል። የዴንዚል ግን ወለል ብሎ ወርዷል፣ አንዲት እጥፋት የለበትም።

«የውሃው ባልዲ የማን ኃላፊነት ነበር?»

«የእኔ» አለ ጆሪ፣ ሳይጠየቅ።

«ደፉበት?»

«ደርቄ ቀረሁ።»

«አይፍረዱበት» አለ ፔትሮክ ቶሎ ብሎ። «የዛሬ ስድስት ዓመት ልጁ ታምሲን በዚሁ እሳት ነው የሞተችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትዝ ብላው ይሆናል።»

ቦሳንኮ የሸራ ሰፊውን እጆች አየች። አውራ ጣቱ ላይ የቆዩ ጠባሳዎች አሉ፤ አዲስ ቃጠሎ ግን አንድም የለም።

«ይሄ ጠባሳ ምንድነው?»

«ሥራ ነው። የዘመኑ ሸራ በመቀስ ከተቆረጠ ይተረተራል። በጋለ ቢላ ነው የምንቆርጠው።»

ሞርዌናን ወደ ውጭ ይዛት ወጣች። ሴትዮዋ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን ፍም መስሏል።

«ማን ይጠላዋል?»

«ግማሹ አገር። ዴንዚል ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚያጠፋው። ቢሆንም ባሌ ነው። ያደረገውን ሰው አሳዩኝና ከዚያ በኋላ አትያዙኝ።»

«ያ ሣጥን ምንድነው? ከመሠዊያው አጠገብ ያለው።»

«የሙታን ሣጥን። አንድ ሰው ሲሞትብን ቀሚሱን አጥፈን፣ ጭቁኝ የሚባለውን ሽታማ ቅጠል ነስንሰን እዚያ እናኖራለን። ኦክቶበር ሲያልቅ እያንዳንዱን ቀሚስ አንሥተን ስሙን እንጠራለን። ቀሚስ የሌለው ስሙ አይጠራም።»

«ታምሲንስ?»

ሞርዌና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። «አትጠራም። ‹ለማማር ብላ የተከለከለ ጨርቅ ለብሳ መጣች፤ እሳቱን አረከሰች› አለ ዴንዚል። ጆሪ ተንበርክኮ ለመነው። እምቢ አለ።»

«ቤታችሁ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አለ?»

«ጣሪያ ሥር አንድ ጣቃ ነበረ። ዴንዚል ያን ዓመት ለወጣቶቹ ቀሚስ ብሎ ከገዛው የተረፈ ነው። ባለፈው መኸር ቤት ሳጸዳ፣ ከነላስቲኩ ሳልፈታው፣ ጀልባህን ሸፍንበት ብዬ ለጆሪ ሰጠሁት።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሞርዌና የተናገረችው ምን ማለት እንደሆነ የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ቦሳንኮ ሦስቱንም ጎጆዋ ውስጥ ሰበሰበች። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«ዴንዚል ትሬጌር የለበሰው የራሱን ቀሚስ አይደለም» አለች። «ተልባ እግር ለብሶ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ቀሚሱ ይጨማደዳል፤ እናንተ ሁላችሁ ተጨማድዳችኋል። የእሱ አልተጨማደደም፣ ፖሊስተር ነዋ። ያንን ትእዛዝ የቀረጸ ሰው ደግሞ አውቆ አይለብሰውም። ስለዚህ ትናንት ከናንተ ከሦስታችሁ አንዱ የእሱን አንሥቶ በምትኩ ይህን ሰቀለ።»

«እኔን አይዩኝ!» አለ ፔትሮክ።

«አንተን አላይም። ለበትሩ ብለህ ብትገድለው ኖሮ እጅህን ባልጠበስክ። ወይዘሮ ሞርዌናም እጅጌያቸው ነዷል። ባልዲ ይዞ የቆመው ሰው ግን አንድ ጠብታ አልነካውም፣ አንድ ፍንጣሪም አልነካውም።»

ጆሪ ቀና አለ።

«መደንገጥ ወንጀል አይደለም» አለ።

«አይደለም። ግን አንገትጌውን ገልብጬዋለሁ። ልብስ ሰፊ ጨርቁን በመቀስ ይቆርጥና ጠርዙን ያጥፋል። ይህኛው ከውስጥ በኩል ቀጥ ብሎ፣ በግለት ታሽጎ ነው የተቆረጠው። እሳቱ እዚያ አልደረሰም። ሌላ ሰው የማይሠራውን እጅዎ በልማድ ሠራው፣ ጆሪ።»

«ቢላ ያለው ብዙ ነው።»

«ጣቃው ያለው ግን አንድ ነው። አሁን ሣጥኑን ክፈቱልኝ።»

ፔትሮክ በፋሻው እጁ ከፈተው። ቦሳንኮ ከላይ ያለውን ቀሚስ አንሥታ ዘረጋችው። ትንሽ ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ልክ። በውስጡ የተነሰነሰው ጭቁኝ ገና አረንጓዴ ነው።

«የማን ነው ይሄ?» አለ ፔትሮክ። «እንዲህ ያለ ቀሚስ እዚህ አልነበረም!»

«ደረቱን እዩት። በየዓመቱ አንድ ቀይ ቅጠል ትጠልፋላችሁ አይደል? እዚህ የነበሩት ቅጠሎች ተፈትተዋል። የመርፌው ቀዳዳ ግን አለ፤ ከክሩ ሥር የነበረው ጨርቅም እንደ ሌላው አልነጣም። ቁጠሩ።»

ሞርዌና በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ላይ ድምጿ ተሰበረ።

«የባለቤትዎ ቀሚስ ነው» አለች ቦሳንኮ። «የታምሲን ሆኖ ተቆርጦ ተሰፍቷል። በጨርቅ ሕግ አሳብቦ ስሟን ለነፈጋት ሰው የተሰጠ መልስ ነው።»

ጆሪ ተነሣ። ከጠዋት ጀምሮ የጎበጠው ሰውዬ አሁን ቀጥ አለ።

«ጣቃውን ፈትቼ ገና ስነካው አወቅሁት» አለ። «አርባ ዓመት በጣቴ ስዳስስ የኖርኩት ነገር ነው። ክር አቃጠልኩ፤ ቀለጠ። ልጄ ገላ ላይ የቀለጠው ያው ነው! ‹ተልባ እግር ነው› ብሎ በገዛ እጁ ሰጣት፤ እሷም አምናው ሦስት ሳምንት ቁጭ ብላ ሰፋችው። ከዚያ ‹አረከሰች› አለ። በሬሳዋ ላይ ቆሞ!»

«ወደ እኔ መምጣት ይችሉ ነበር» አለች ቦሳንኮ።

«እናንተማ ታስሩት ነበር። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። እኔ የፈለግሁት እንድትለብሰው ነው። እሱ የሷን፣ እሷ የሱን። ባልዲውን ይዤ ሳየው አላዘንኩም፤ አሁንም አላዝንም።» ወደ ሞርዌና ዞረ። «ከእንግዲህ ቀሚስ የሌለው እሱ ነው። በገዛ ሕጉ ስሙ አይጠራም።»

ቦሳንኮ ቀሚሱን አጥፋ የማስረጃ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። የጆሪ ፊት የተለወጠው ያን ጊዜ ነው፤ ሁሉን አስቦ ይህን አላሰበም።

«እሱንማ አትውሰዱት» አለ። «ኦክቶበር ሳይመጣ ትመልሱታላችሁ?»

«ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ። መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

«ሞርዌና» አለ ጆሪ፤ ድምጹ አነሰ። «ልጄ ምንም አላጠፋችም። ቀሚሱ ባይኖርም ጥሪያት። እባክሽ።»

ሞርዌና ከፊቱ መጥታ ቆመች። የተቃጠለ እጅጌዋ ይሸታል። ፔትሮክ ትመታዋለች ብሎ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«እጠራታለሁ» አለች። «አልዋሽህም፤ ቀድሞም ሊጠራ የሚገባው ስም ነው። ባሌ ስለሞተ በትሩም አሁን በእኔ እጅ ነው፣ ያን ሕግ ሽሬዋለሁ። ታምሲን እላለሁ። ትንፋሽ ሳልወስድ ዴንዚል እላለሁ። ዓመት በዓመት፣ አጣምሬ። ካሁን በኋላ አንዳቸው ያለ አንዳቸው እዚህ ጎጆ ውስጥ ስማቸው አይነሣም። የትም እስር ቤት ብትሆን ኦክቶበር ሲያልቅ ይህን እያወቅህ ተቀመጥ።»

«እሱንስ ተይው» አለ ጆሪ። «ከሷ ጋር አታድርጊው። ሞርዌና! ከሷ ጋር አይሁን!»

እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ የሣጥኑን ክዳን እየዘጋች ነበር። ፖሊሶቹ ጆሪን ይዘው ወጡ፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የልጁን ስም ለብቻው ደጋግሞ ሲጠራ ይሰማ ነበር።