ከዱዓ የወጣው ስም

«ልጄ፣ እንድታርሚኝ ነው የመጣሁ» አሉ ሼህ መሕሙድ፣ የቢልቂስን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው።

ቢልቂስ ግራ ገባት። የሐርቡ ከተማ አዳራሽ ሞልቷል፤ ንግግሯን ልትጀምር ትንሽ ነው የቀራት። እኒህን ሽማግሌ አይታቸው አታውቅም። ከጎናቸው የቆመችውን ሴት ልጃቸውን ግን ወዲያው አወቀቻት። ሸሪፋ ናት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው። ባለፈው ወር ጥያቄ የጠየቀቻት።

ቢልቂስ አሥረኛ ክፍል ናት። የታሪክ መምህሯ ጋሽ ስለሺ ደሴ ውስጥ አንድ ቡድን አቋቁመዋል፤ ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ስለ ታሪክ፣ ስለ ባህልና ስለ ቋንቋ ለሕዝብ ይናገራሉ። ለክረምቱ ደግሞ አንድ ተናጋሪ ተመርጦ ደቡብ ወሎን ሙሉ ይዞራል። በሰፈሯ በሆጤ የሚያውቃት ሁሉ የምትመረጠው እሷ እንደሆነች አይጠራጠርም፤ ምላሷ ጤፍ ይቆላልና። እሷም ብትሆን አትጠራጠርም ነበር።

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ጥንት የንግድ መንገዶች ተናገረች። አዳራሹ በጭብጨባ ሲደምቅ ሸሪፋ እጇን አወጣች። «በእኛ መንደር የቆየ የውሃ ጉድጓድ አለ። ማን ይሆን የቆፈረው?» ስትል ጠየቀች።

ቢልቂስ ጉድጓዱን ቀርቶ መንደሩንም ሰምታው አታውቅም። «አላውቅም» ብትል ማንም አይታዘባትም ነበር። ግን ጭብጨባው ገና ከጆሮዋ አልወጣም። «የሲራራ ነጋዴዎች ናቸው የቆፈሩት። መጽሐፍ ላይ ተጽፏል» አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ። ሰዉ «ማሻአላህ!» አለ። ሸሪፋም በስልኳ ስትቀዳት ነበር። ወደ ደሴ ሲመለሱ ጓደኛዋ መሲ «አቦ ፎገርሻቸው!» አለቻት፤ እስኪታክታቸው ሳቁ።

«ሸሪፋ ያልሽውን በስልክ አሰማችኝ» አሉ ሼህ መሕሙድ። «እኛ እሜት ዘይነባ ናት የቆፈረችው እያልን ነው የኖርን። ባሏ ሞቶባት፣ በድርቅ ዘመን ልጆቿን ይዛ የመጣች ሴት። አባቴ እንደዚያ ነገረኝ፤ ለእሱም አባቱ። መንደርተኛው ተሰብስበን ለወዳጃ ስንቀመጥ፣ ለዱዓ እጃችንን ስናነሳ፣ መጀመሪያ የምጠራው የእሷን ስም ነበር። ሰዉም አሚን ይላል።»

«አሁንስ?» አለች ቢልቂስ።

«አሁንማ ተውኩት። መጽሐፍ ያለውን እኔ ምን ብዬ እሞግታለሁ? ባለፈው ወዳጃ ስሟን ዘለልኩት። አሮጊቶቹ ‹እሜትን ረሳሃት› አሉኝ። ‹ኧረ የለችም፤ ሳሳስታችሁ ኖሬያለሁና አውፍ በሉኝ› አልኳቸው።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እንግዲህ ስለ ነጋዴዎቹ በደንብ ንገሪኝ። የአንዳቸውን ስም ብታውቂ ለእሱ ዱዓ እናደርግለታለን።»

ቢልቂስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። «አንዴ ይቅርታ አባባ» ብላ ወደ መሲ ሮጠችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«እና ምን ታካብጃለሽ?» አለች መሲ። «ሲያልቅ ለብቻቸው ሹክ ትያቸዋለሽ። ጋሽ ስለሺ እኮ ዛሬ ነው የሚመርጡት!»

ምክሩ ክፉ አልነበረም። ቢልቂስም ልትቀበለው ከጅሏት ነበር። ግን ሼህ መሕሙድ ይቅርታ የጠየቁት ለብቻቸው ሆነው አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ ፊት ነው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ባልሠሩት ጥፋት።

ስሟ ተጠራ። መድረኩ ላይ ስትቆም የተዘጋጀችበት ንግግር ጠፋባት።

«ኮምቦልቻ ላይ ስለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ተናግሬ ነበር» አለች። «ውሸት ነው። መጽሐፍ የሚባል የለም። ነጋዴዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ሼህ መሕሙድ አልተሳሳቱም።»

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጋሽ ስለሺ አንገታቸውን ደፉ። ከመድረኩ ስትወርድ «የክረምቱ ነገር እንግዲህ…» ብለው ሳይጨርሱ ተዉት። ገባት። እንባዋ መጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ስታልመው የከረመችው ነገር ነው። ሆኖም እየጎተተ ወደ ሽማግሌው የወሰዳት ሌላ ሐዘን ነበር።

«አውፍ ይበሉኝ፣ አባባ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ አብሽሪ» አሉ ሼህ መሕሙድ። «ያለፈውን ወዳጃ ግን ምን እናርገው? ስሟ ሳይነሳ አለፈ።»

ቢልቂስ እንባዋን ጠረገች።

«በሚቀጥለው ይነግሯቸዋል፣ አይደል?» አለች።

«እኔ?» ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ‹አለች› አልኳቸው፤ ቀጥዬ ‹የለችም› አልኳቸው። አሁን ተመልሼ ‹አለች› ብል ማን አሚን ይለኛል?» ቁጣ አልነበረባቸውም። የደከማቸው ይመስሉ ነበር።

ከደጅ የሚኒባሱ ጥሩምባ ተሰማ። መሲ በመስኮት ብቅ ብላ «ቢሉ፣ ነይ እንጂ! ልንሄድ ነው!» አለቻት። ቢልቂስ ወደ ሸሪፋ ዞረች።

«ቀጣዩ ወዳጃ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ከዚህ እናንተ ጋ መኪና ይገባል?»

«ኧረ የለም፤ በእግር ነው። ዳገቱ ደግሞ አይጣል።»

«እንግዲያው በጠዋት ከደሴ እነሳለሁ» አለች ቢልቂስ።