በድንጋዩ ሜዳ ዳር የቀረ ጫማ

የሀብተ ጊዮርጊስ አስከሬን ከስፔን በሳጥን ታሽጎ ሲያትል ሲገባ ቀባሪ አልጠፋም፤ የጠፋው ፍትሐት የሚያደርስለት ነው። ወሬው ከሌክ ሲቲ ተነስቶ ፌደራል ዌይ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ አስተካክሎ አስቀምጦ፣ ከገደል ራሱን ወረወረ ተባለ። የሞተባት የስፔን መንደር ፖሊስም እንዲሁ ብሎ ጽፏል። ራሱን ለገደለ ሰው ደግሞ ፍትሐት የለም። ቄሱ ክፉ ሆነው አይደለም። «ልጄ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። እስከ እሑድ ሌላ ነገር ከተገኘ ንገሩኝ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ያኔ በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት ነው። ለሲያትል ሐበሻ አንድ አዳራሽ የሚበቃበት፣ አንዱ ቢያስነጥስ ከተማው ሁሉ ይማርህ የሚልበት ጊዜ። ሚስቱ ጽጌ ለቅሶ ከተቀመጠችበት አዳራሽ ቀና ብላ ሰው ማየት አቃታት። ባል የሞተባትን ሴት ያለቅሱላታል፤ ባሏ ራሱን የገደለባትን ግን ዓይን ዓይኗን ያያሉ። «ምን ብታደርገው ነው?» የሚለው ነገር ከእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ኋላ ቆሞ ይታያታል። ጉዱ ደግሞ መልሱን ማወቋ ነው። ኤርፖርት ስትሸኘው ጆሮው ላይ ጠጋ ብላ «እባክህ ባላገርነትህን እዚሁ ትተህ ሂድ፤ በሰው አገር እንዳታሳፍረኝ» ብላው ነበር። እሱ ሳቀና ገባ። የመጨረሻ ቃሏ ያ ሆነ።

እትዬ ውብአየሁን ያስጠራቻቸው ለዚህ ነው። እትዬ ውብአየሁ አዲስ አበባ ሳሉ በወንጀል ምርመራ ሻምበል ነበሩ፤ እዚህም ለአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ሞትና ቃጠሎ ይመረምራሉ። ማጽናናት አያውቁበትም። ገብተው ከመቀመጣቸው ከስፔን የመጣውን ዕቃ አምጪ አሉ። አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማና አንድ አሮጌ ካሜራ ነበር።

«ካሜራውን የት አገኙት?»

«ከጫማው አጠገብ፣ እዚያው ገደሉ አፋፍ።»

«ፊልሙስ?»

«ውስጡ ነው፤ ለማሳጠብ ድፍረት አጣሁ።»

እትዬ ውብአየሁ ካሜራውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ሟቹን ለጉብኝት ስፔን የወሰደው የጉዞ ቢሮ ያሳተመውን ወረቀት ጠየቁ። እሱ የሞተባት ቶሬልቢያ የምትባለዋ መንደር እዚያ ላይ በሥዕል ወጥታለች፤ የሮማውያን ድልድይ፣ የዓረቦች ዘመን መታጠቢያ ቤት፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ጸሎት፣ ገደል ገደሉን የሚሄድ የእግር መንገድ፣ ከሁሉ በላይ አናቱ ላይ ነፋስ የሚመታው ክብ የድንጋይ ሜዳ። ጫማው የተገኘው በዚህ ሜዳ ዳር ነው። እሳቸው ሥዕሉን ብዙ አዩትና ፈገግ አሉ። ጽጌ በልቧ ተቀየመቻቸው። እኔ በእሳት እየነደድኩ ሴትዮዋ ሥዕል አይተው ይስቃሉ አለች።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ ውብአየሁ ከፎቶ ቤት መልስ በቀጥታ ወደ አዳራሹ መጡ። ፊልሙ ምን እንዳለው አልተናገሩም። ለንፍሮ የተዘጋጀውን ስንዴ በነጭ አንሶላ አድርገው ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሊደርስ ምንም እንዳይቀረው አስጥተው፣ ወንበሮቹን ከስንዴው ማዶ አስደረጉ። ከዚያ ከሟቹ ጋር የተጓዙትን ሦስቱን አንድ በአንድ አስገቡ፤ የጨረሰም እዚያው ይቀመጥ አሉ። ጽጌን ከጎናቸው አስቀመጧት።

መጀመሪያ የገባው የጉዞ ቢሮው ባለቤት አክሊሉ ነው። የመርካቶ ልጅ፣ ምላሱ የማያርፍ። የአንሶላውን ጫፍ በጫማው ረግጦ አለፈ፤ ስንዴው ከተረከዙ ሥር ቋ ቋ አለ።

«ሶ፣ እትዬ፣ ባሱን ፓርክ ያደረግነው ድልድዩ ጋ ነው» አለ። «ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ድልድይ ነው። ሁሉም የፈለገበት ይሂድ ብዬ እኔ ከሾፌሩ ጋር እዚያው ቀረሁ። በኋላ ሲጠሩኝ ወጣሁ፤ ያለው ጫማው ብቻ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኦኬ፣ በጽጌ ፊት መናገሩ ይከብዳል። ግን ሰው በዚያ ብርድ፣ ድንጋይ ላይ፣ ለመሞት ካልሆነ ለምን ጫማውን ያወልቃል?»

ጽጌ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ቀጥላ ናፊሳ ገባች። ወሎዬ ናት፤ ሬኒየር ቢች ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ስንዴውን ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ፣ «እህል አይረገጥም» ብላ ግድግዳውን ታክካ ዞረች። እሷ የሄደችው የዓረቦቹን መታጠቢያ ቤት ለማየት ነው፤ የጥንት ሙስሊሞች የሠሩትን ሳላይ አልመለስም ብላ። ቁልፍ የያዘችው ጠባቂ ሴትዮ እስከ መጨረሻው አልተለየቻትም ነበር። ምሳ ላይ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ተራራው አናት እያየ ሲስቅ ምን አየህ ብትለው «አገሬን» እንዳላት ነገረቻቸውና አለቀሰች።

መጨረሻ የገባው ኢንጂነር ጳውሎስ ነው። አለባበሱ የማይጓደል፣ ንግግሩ የተለካ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሊቀመንበር። ለጽጌ ከበሩ ጀምሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ። ከስንዴው ዳር ሲደርስ ተረከዙን ከጫማው አወጣ፣ በካልሲው ጫፍ ጫፉን አልፎ መጣ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ወሬውን አላቋረጠም።

«እኔ ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ነበርኩ። ሻማ አብርቼ ተቀመጥኩ። ወደዚያ ሜዳ ምን ይወስደኛል? እንደሚያውቁት የተወለድኩት ከቤተ መንግሥት አጥር ሥር ነው፤ ገጠር የማውቀው በመኪና መስኮት ነው።»

«እንዴታ» አሉ እትዬ ውብአየሁ። ሌላ አልጠየቁትም።

ወዲያው ቄሱና ለቀስተኛው ተጠሩ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ ፊልሙ በማሳያ መኪና ግድግዳው ላይ ይበራ ጀመር። ድልድዩ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ቤተ ጸሎቱ፣ የእግር መንገዱ አለፉ። ሀብተ ጊዮርጊስ ሲያነሳ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሁሉም ዘመም ያሉ ናቸው። የመጨረሻው ግን ቀጥ ያለ ነበር። ራሱ ሀብተ ጊዮርጊስ ክቡ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ ቆሟል፤ ከኋላው ሰማይና ገደል ነው። አፉ እስኪቀደድ ይስቃል። ጽጌ እንደዚህ ሲስቅ ካየችው ዓመታት አልፈዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ውብአየሁ።

«ሜዳ ነዋ፤ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት» አለ አክሊሉ።

«አውድማ ነው። እህል የሚወቃበት። ነፋስ እንዲያገኝ ብለው ከፍታ ላይ ሠርተውታል፤ ዛሬ የሚወቃበት ስለሌለ ቱሪስት ይቆምበታል። እኔ ያደግኩበት አገር የገበሬ ልጅ አውድማ ላይ በጫማ አይወጣም፤ ነውር ነው። አባ፣ ይህ ጫማ የወለቀው ለሞት አይደለም፤ ለክብር ነው።»

ቄሱ አማተቡ።

«ካሜራውን አይቼዋለሁ» ብለው ቀጠሉ፤ «ሰው ካልተጫነው በራሱ አያነሳም። ስለዚህ አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ነበር። ማን? ከሥር ጥግ ላይ ተመልከቱ። አንዱ ቡናማው ጫማ ነው። አጠገቡ ጥላ ውስጥ ሌላ የወንድ ጫማ አለ፤ የማን እንደሆነ መልኩ አይለይም። ፖሊስ ያገኘው ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ጫማውን አጠለቀ፣ ካሜራውን አስቀመጠ፣ ሄደ።»

«የወንድ ጫማ ስለሆነ ናፊሳ አይደለችም፤ እሷ ደግሞ ምስክር አላት። አክሊሉ አውድማን ከሜዳ አይለይም፤ ስንዴውንም በጫማው ረግጦ ነው የገባው። አንድ ሰው ግን እህል አንሶላ ላይ ተሰጥቶ ሲያይ እግሩ ከአፉ ቀደመ።»

የሰው ዓይን ሁሉ ወለሉን ያዘ። የጳውሎስ ጥቁር ጫማ ከአንሶላው ማዶ ጎን ለጎን ተቀምጧል። እሱ በካልሲ ነው። እግሮቹን ወንበሩ ሥር ለመደበቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«አባቴ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር» አለ። «ሚስቴም አታውቅም። ሀብቴ ጫማውን ሲያወልቅ እኔም አወለቅኩ። እንደ ልጅ ዞርንበት። አባቶቻችን በሬ ሲነዱ የሚሉትን እያልን ዞርን። ከዚያ አንሳኝ አለኝ። አነሳሁት። ገደሉ ደህና አድርጎ እንዲገባልኝ ብዬ፣ አንድ ጊዜ ልድገመው፣ ትንሽ ወደ ኋላ በል አልኩት።» አፉን በእጁ ያዘ። «ወደ ኋላ አለ።»

«ለምን አልተናገርክም?» አሉ ቄሱ። «ጠይቄህ ነበር። እዚሁ ቆመህ፣ የምታውቀው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄሃለሁ።»

«እዚያ ምን ትሠሩ ነበር ይሉኛል ብዬ ነው። በባዶ እግሬ ስጨፍር ነበር እንዴት ልበል? አፈርኩ፣ አባ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እፍረትህን ለሬሳ አሸከምከው» አሉት እትዬ ውብአየሁ። አልጮኹም፤ ይልቅ የደከማቸው መሰሉ።

ጽጌ ልትረግመው ተነስታ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሳቅ አየችና እርግማኑ ከአፏ ጠፋ።

«ምን አስቆት ነው?» አለችው።

ጳውሎስ ሊመልስላት አልፈለገም። ጠበቀችው።

«ለጽጌ ነው የማሳየው አለ። ባላገርነትህን ትተህ ሂድ ብላኛለች፤ ይኸው እንደ ልቧ ትፈርብኝ አለ። እየሳቀ።»

ቄሱ ተነሱና ፍትሐቱ ነገ ጠዋት እንደሚደርስ፣ ጳውሎስም ከጸሎቱ በፊት ይህንኑ በሕዝቡ ፊት እንደሚናገር አስታወቁ። ያን ጊዜ ከጽጌ ዓይናቸውን ሲያሸሹ የሰነበቱት ሁሉ መጥተው ያቅፏት ጀመር። ይቅር በይን፣ ጠርጥረን ነበር የሚልም አልጠፋ። ባሏ ነጻ ወጣ፤ ስሙ ተመለሰ። እሷ ግን አሁንም ቀና ማለት አልቻለችም። እስካሁን ያጎነበሳት የሰው ዓይን ነበር። አሁን ግን ማንም አላያትም፤ ያፈረችው ብቻዋን፣ በራሷ ነው። ሌላው ቢጠረጥር አያውቀውም ነበር፤ እሷ ግን እህል በተሰጣበት ሁሉ ጫማውን ሲያወልቅ አሥር ጊዜ አይታው፣ አሥር ጊዜ ተቆጥታው፣ ለምን እንደሚያወልቅ አንድ ቀን አልጠየቀችውም።

ጫማዋን አውልቃ ከአንሶላው ዳር ቁጭ አለች። አክሊሉ ረግጦ የበተነውን ስንዴ አንድ አንድ እያለች ትለቅም ገባች። ናፊሳ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ንፍሮው ለነገ መድረስ ነበረበት።