ብርጭቆ የተደፋበት ዳይስ

ሎሎ፣ ማለትም አያት፣ የሚባሉት ቴዎፊሎ ፓላብሪካ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ ቀኝ እጃቸው ከማውሱ አጠገብ ተዘርግቶ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ያለው ስክሪን ግን አልጠፋም። እዚያ ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ታቅፋ በትንሽ ሳሎን ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ኢንስፔክተር ኤውላልያ ኑፋብሌ ክፍሉን በቅጡ ሳታይ መጀመሪያ የሰማችው የጎረቤትን ራዲዮ ነበር። ተናጋሪው ጉሮሮውን ከፍቶ ለኢሎኢሎ ከተማ ሁሉ ፍርዱን ያነባል፤ «የኮምፒዩተር ጨዋታ የልጅ ልጅን ነፍሰ ገዳይ አደረገ!»

«መስኮቱን ዝጋልኝ» አለች። «አስከሬኑ ሳይነሣ ፈርዶ ጨረሰኮ ይሄ ሰውዬ!»

«አዛዡም የሚሉት እሱኑ ነው፣ ማም» አለ ሳርጀንት ቢቶይ መስኮቱን እየዘጋ። «ከምሳ በኋላ የልጅ ልጃቸውን ይዛችሁ ኑ ብለዋል። ትኩሱን ቸኮላት ያመጣችው እሷ ናት፤ ቸኮላቱ ውስጥ ደግሞ የሽማግሌው የልብ መድኃኒት ጠብታ አለ። ምን ቀረ?»

«ማሰብ ቀረ።»

ቢቶይ ማስታወሻውን ገለጠ። ኢንስፔክተሯ እንዲህ ስትቆጣ አፍን መዝጋት እንደሚበጅ ከተማረ ቆይቷል።

ኤውላልያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። የቸኮላቱ ስኒ ግማሽ ድረስ ጎድሏል። ከስኒው ራቅ ብሎ እንጨቱ ላይ የሚያጣብቅ ክብ አለ፤ ሌላ ስኒ የተቀመጠበት ነው። ስኒው ግን የለም። በጣቷ ነክታ አሸተተችው፤ ዝንጅብል። ከስክሪኑ ሥር ደግሞ አንድ የመጠጥ ብርጭቆ በአፉ ተደፍቷል። ከብርጭቆው ሥር ከጎሽ ቀንድ የተሠራ አንድ ዳይስ፣ ባለ ስድስት ገጽ የመጫወቻ ጠጠር፣ አለ። ወደ ላይ የዞረችው አንድ ነጥብ ነበረች።

የሟቹ የልጅ ልጅ ዳሊሳይ ወጥ ቤት ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል፤ ምላሷ ግን እንደ ሰላ ነው።

«ሊያስሩኝ ነው የመጡት?»

«ገና ነው። መጀመሪያ ጨዋታውን አስረጂኝ።»

«እንዲሥቁብኝ?»

«እኔ ለመሣቅ ጊዜ የለኝም፤ አንቺም ለማኩረፍ የለሽም። ያለን እስከ ምሳ ነው።»

ልጅቷ በመዳፏ ፊቷን ጠረገችና ተናገረች። ጨዋታው ሰው ፈጥረው የሚያኖሩበት ነው፤ ቤት ይሠሩለታል፣ ይድሩታል፣ ይቀብሩታል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ታሪክ ያስተማሩት አያቷ አንድ ቤተሰብ ከስፔኖች ዘመን አንሥተው፣ ትውልድ በትውልድ፣ ከእሷ ጋር ወደ ዛሬ እያመጡት ነበር። ቤተሰቡ የራሳቸው ነው፤ ስሙን ብቻ ለውጠውታል። የየዘመኑን ችግር መዝለል አይፈቀድም፤ መብራት ባልገባበት ዘመን መብራት አይበራም። ሕፃን ሲታመም ደግሞ ዳይስ ይጣላል።

«አንድ ከወጣስ?»

«ይሞታል።»

«መልሶ መጣል የለም?»

«ከሎሎ ጋር?» ልጅቷ ሳታስበው ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ስንቴ አልቅሼ ለምኛቸዋለሁ! ‹ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ቅድመ አያትሽ መልሳ መጣል ትችል ነበር?› ይሉኛል። ለዚያ ነው ብርጭቆውን የሚደፉበት፤ ማንም እንዳይነካው። ሕፃኑ ሲቀበር ብርጭቆው ይነሣል። ይሄንን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።»

«የትናንት ማታውን ንገሪኝ።»

«ምሽት ላይ በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳያሉ። ሰው የሚያየው ስክሪኑን ብቻ ነው፤ ፊታቸውም ድምፃቸውም የለም። ያን ጊዜ ማንም አይገባም። ከመዝሙር ልምምድ ስመለስ ቸኮላቱን አፍልቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሁለቴ አንኳኳሁ። እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው ከውስጥ ሁለቴ አንኳኩልኝ። ሄጄ ተኛሁ።» ቀና ብላ አየቻት። «አዛዡ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? ‹አንቺ እስክትመጪ ደኅና እንደነበሩ ራስሽ መሰከርሽ› አሉኝ።»

ኤውላልያ ይዛት ወደ ክፍሉ ተመለሰች። አስከሬኑ ተነሥቷል። ልጅቷ ወንበሩን ላለመንካት ቆማ ስክሪኑን ተመለከተች፤ ግንባሯም ተቋጠረ።

«ሎሎ ተሳስተዋል» አለች። «እዚህ የደረስነው ሎሎና እህታቸው ወጣት የነበሩበት ዘመን ነው። ይሄ ሕፃን አባዬ መሆን አለበት። ልጁን ለወንድምየው፣ ለራሳቸው፣ መጻፍ ሲገባቸው ለእህትየው አድርገውታል። ባል እንኳ የላትም!»

«ሕፃኑ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው። እንዲያውም አድጓል፤ እግር አውጥቷል።» ከዚያ ዓይኗ ወደ ብርጭቆው ወረደ፤ ነጥቧን አየች። እንደገና ወደ ስክሪኑ ተመለከተች። «አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «ሎሎ እንዲህ አያደርጉም።»

«በዚህ ኮምፒዩተር ሌላ የሚጫወት አለ?»

«ማንም። አባዬ ይጸየፈዋል፣ የሎሎ እህት ሎላ ክሌሜንሲያ ደግሞ ስታየው ታማትባለች።»

«ያም ሆኖ ፈልጊ።»

ልጅቷ ፈለገች። ከአያቷ ቤተሰብ ሥር፣ ስም ያልተሰጠው ሌላ ቤተሰብ ተቀምጧል። አንዲት ሴትና አንድ ትንሽ ልጅ፣ ባሕር ዳር ባለች ቤት፣ ብቻቸውን። በዚያ ቤት ማንም እንዳያረጅ፣ ማንም እንዳይታመም ተደርጓል። ልጁ ለስንት ጊዜ ትንሽ ሆኖ እንደኖረ መቁጠር አይቻልም።

«የኔ አይደለም» አለች ዳሊሳይ በሹክሹክታ።

የሟቹ ልጅ ሃሲንቶ ፓላብሪካ ለከተማው ምክር ቤት ይወዳደራል። ፎቶው በየአጥሩ ይሥቃል፤ ሰውዬው ራሱ ግን ሳሎን ውስጥ እንደ ታሰረ በሬ ይንጎራደዳል።

«ልጄን ከነካችሁ ጠበቃ አመጣለሁ!»

«ያምጡ። እስኪመጣ ግን የት እንዳመሹ ይንገሩኝ።»

«ላፓስ አደባባይ፣ መድረክ ላይ። አንድ ሺህ ሰው አይቶኛል።»

«አንድ ሺህ ሰው ላፓስ? ወይስ በግና ፍየሉም ተቆጥሮ?»

«እየቀለዱ ነው?» ሃሲንቶ ቆመ፤ ከዚያ ከንዴቱ ውስጥ ድካሙ ብቅ አለ። «ተጣልተን ነበር፤ እሱን ከሆነ የሚፈልጉት። በምርጫ ሰሞን የቤተሰቡን ገበና ለምን ያወጣሉ ብዬ። ‹እሑድ መጥተህ ከጎኔ ትቀመጣለህ፤ የራስህን ልደት ራስህ ታየዋለህ› አሉኝ። የሰማንያ ዓመት ሰው በጨዋታ ሲያብድ አይተው ያውቃሉ?»

«ይሄን ሲሉዎት ማን ነበር?»

«ማን ይሆናል? አክስቴ፣ ቲያ ክሌሜንሲያ። ዓሣ እያቀረበችልን።»

የሟቹ እህት ክሌሜንሲያ ጥቁር ለብሰው፣ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያሾሩ፣ ከቅዱሳኑ ምስል ሥር ተቀምጠዋል። ጠዋት አስከሬኑን ያገኙት እሳቸው ናቸው። በጃሮ ሰፈር እሳቸው ያልመሩት የማኅበር ጸሎት፣ ያልገሠጿት ኮረዳ የለችም።

«ያ ሣጥን ነው የገደለው» አሉ። «ሕፃን በዳይስ የሚገድሉበት ቤት እግዚአብሔር ያድርበታል?»

«እርስዎ ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? በየት በኩል እንደሚበራም አላውቅ።»

«ለወንድምዎ ማታ የሚጠጣ ነገር ሰጥተዋቸው ነበር?»

መቁጠሪያው ቆመ፤ ወዲያው ቀጠለ። «አልሰጠሁም። ቸኮላት የምታመጣው ልጅቷ ናት። ምስኪን! ጠብታውን ተሳስታ ጨምራ ይሆናል። ልጅ ናት፤ ልጅን ማን ያስራል?»

«ሃያ ዓመት የሞላትን ሁሉ ያስራሉ፣ ማናንግ ክሌሜንሲያ። እስከ ዕድሜ ልክ።»

አሮጊቷ ወደ መቁጠሪያቸው አቀረቀሩ።

ምሳ ሳይደርስ ኤውላልያ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበች። አዛዡም መጥቷል፤ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ዳሊሳይ ከአባቷ ጎን ቆማለች፤ ሃሲንቶ ክንዷን ጨብጦ አይለቅም። ክሌሜንሲያ ከጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸዋል።

«ጉዳዩ ግልጽ ነበር አይደል?» አለ አዛዡ።

«ለራዲዮው ግልጽ ነበር» አለችው። «እኔ ግን ይሄ ብርጭቆ ከለከለኝ። ትናንት ማታ ሕፃኑ ታመመ፤ ሽማግሌው ዳይስ ጣሉ፤ አንድ ወጣ። ብርጭቆ ደፉበት። በሕጋቸው ሕፃኑ መሞት ነበረበት፤ ብርጭቆውም መነሣት። አልሞተም፤ አልተነሣም። ልጁ ድኖ፣ አድጎ፣ እየሄደ ነው። ለልጅ ልጃቸው እንባ ያልተሸነፉ ሰው ማንም ሳይለምናቸው ትናንት ሕጋቸውን አፈረሱ? አላፈረሱም። ከዳይሱ በኋላ የተጫወተው ሌላ ሰው ነው። እሳቸው ሞተው ነበር።»

«በሩን ያንኳኳላት ማን ነው ታዲያ?» አለ ሃሲንቶ።

«ያው የተጫወተው ሰው። ሽማግሌው ቸኮላቱን አልቀመሱትም። ቀደም ብለው የዝንጅብል ሻይ ጠጥተዋል፤ የስኒው ክብ እዚህ አለ፣ ስኒው ታጥቦ ተሰቅሏል። ጠብታው በሻይው ነው የመጣው። ገዳዩ ቸኮላቱ እስኪመጣ ጨዋታውን አቆየ፤ ከኢንተርኔት የሚያይ ሁሉ ሽማግሌው በሕይወት አሉ እንዲል። ቸኮላቱ ሲመጣ ግማሹን ደፋ፣ በቀረው ላይ ጠብታ ጨመረ። የሐኪሙ ውጤት ነገ ይመጣል፤ ሆዳቸው ውስጥ ቸኮላት ከተገኘ ይሄን መለዮ አወልቃለሁ።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«አቶ ሃሲንቶ መድረክ ላይ ነበሩ። ዳሊሳይ ብትሆን ደግሞ ብርጭቆውን ታነሣው ነበር፤ ሕጉን ታውቃለች። ይሄን ያደረገው ጨዋታውን የሚያውቅ፣ የብርጭቆውን ሕግ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ተደብቆ የሚጫወት። ማንም የማይሞትበት ቤት ያለው።»

ክሌሜንሲያ መሬት መሬት ያያሉ።

«በሉ፣ የዳይሱ ፍርድ ገና አልተፈጸመም» አለች ኤውላልያ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ዳሊሳይ፣ ተቀመጪ። የአያትሽን ሕግ ፈጽሚ። ልጁን ሰርዢው።»

«ማም...»

«ሰርዢው አልኩሽ።»

ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ተቀመጠች። ትንሹ ልጅ ሳሎኑ መሐል ቆሞ እጁን ወደ እናቱ ዘርግቷል። ማውሱ ወደ እሱ ሄደ። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ፤ ይጥፋ?

«አትንኪው!»

የአሮጊቷ እጅ በልጅቷ ትከሻ ላይ አልፎ ኪቦርዱ ላይ አረፈ። ዓይናቸው ከልጁ አልተነቀለም፤ ጣታቸው ግን አልተሳሳተም። አንዱን ቁልፍ ተጫኑ፤ ጥያቄው ጠፋ። ሌላውን ተጫኑ፤ ጊዜው ቆመ።

ክሌሜንሲያ የራሳቸውን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከቱት።

«በየት በኩል እንደሚበራ አያውቁም ነበር» አለች ኤውላልያ።

«ለመንኩት» አሉ አሮጊቷ። «ያቺን አንዲት ነገር ዝለላት አልኩት። ‹ሰው ሁሉ እንዳለው ይኖራል፤ የልጁ እናት አንቺ ነሽ፤ እሑድ ያውቃል› አለኝ። ልጄን ለእሱና ለሚስቱ የሰጣቸው አባታችን ነው። ሕይወቴን ሙሉ ቲያ እየተባልኩ ዓሣ አቀረብኩለት፤ አንድ ቀን አላጉረመረምኩም። ስሜ ብቻ ነበር የቀረኝ።» ወደ ስክሪኑ አመለከቱ። «ስገባ ቴዎፊሎ አልቆለታል። ሕፃኑ ግን በትኩሳት ይነዳል፤ ብቻውን ያለቅሳል። ምን ላድርግ? ትቼው ልሂድ?»

ሃሲንቶ የዳሊሳይን ክንድ ለቀቀ። አሮጊቷን ከእግር እስከ ራስ ተመለከታቸው።

ኤውላልያን ቁጣ ያዛት። በሌላ ቀን ትውጠው ነበር፤ ዛሬ አልዋጠችውም።

«ለሥዕል ራርተዋል» አለቻቸው። «ይቺ ደግሞ? አጠገብዎ የምትንቀጠቀጠው የልጅዎ ልጅ ናት። ሥጋዎ! ለስምዎ ሲሉ ዕድሜ ልኳን እስር ቤት ሊከቷት ነበር። ስም! ጠዋት ማታ የሚጸልዩበት አፍ ‹ተሳስታ ይሆናል› ሲል አልተንቀጠቀጠም?»

«ልጅ ናት ብዬ...» አሉ ክሌሜንሲያ። ዳሊሳይን ቀና ብለው ለማየት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

አዛዡ ራሱ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። ቀስ ብለው ሄዱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እንዳይርበው» አሉ፣ ሳይዞሩ።

የቱን ልጅ እንዳሉ የጠየቃቸው የለም። ደረጃውን ሲወርዱ መቁጠሪያቸው ከእንጨቱ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ዳሊሳይ ብርጭቆውን አነሣች፤ ዳይሱንም ሳትገለብጠው እንዳለ በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። ሃሲንቶ በአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ፣ ጊዜው በቆመበት ሳሎን ውስጥ፣ ትንሹ ልጅ እጁን ወደ እናቱ እንደዘረጋ ነው።

«ጊዜውን የሚያስነሣው ቁልፍ የትኛው ነው?» አለ ሃሲንቶ በመጨረሻ።

ዳሊሳይ ቁልፉን አሳየችው። ጣቱን አስቀመጠበት፤ ግን አልተጫነውም።